በሙሉ ድምፅ የፈረሰው ኮምፒውተር

እጅ በማውጣት የሚያህለኝ አልነበረም። የስብሰባውን ማለቴ ነው። «የምትደግፉ?» ሲባል ክንዴ ቀድሞ ይወጣል፤ ጆሮዬ የተባለውን የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ቁመቴ ደግሞ የጉድ ነው። በየበሩ ጎንበስ እያልኩ ስላደግሁ ጀርባዬ ገና በልጅነቱ ሸምግሏል። ታዲያ ድምፅ ቆጣሪው ከእኔ እጅ ይጀምር ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነዋ። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» እስኪባል አላወርደውም።

የምሠራው ሸዋ ሮቢት ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ነበር። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ካነበቡ ቡና አይጋብዙኝም። የሥራ መደቤ «የኮምፒውተር ባለሙያ» ይባላል። ኮምፒውተሩ አንድ ስለነበር ባለሙያውም አንድ ነበርኩ። ቆላውን የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ፦ ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ ለምሳ ይቆማል፣ ተሳፋሪው ፓፓያውን ገዝቶ፣ «ኧረ እንዴት ትኖራላችሁ?» ብሎ፣ ወደ ደጋው ይወጣል። እኛ ግን እንኖራለን። ኮምፒውተሩም እንደኛው ይኖራል፤ ከቀትር በኋላ ጀርባው ላይ ማሾ መቁላት ይቻል ነበር።

ጊዜው የቢ.ፒ.አር. ጊዜ ነው። ለማያውቀው ትውልድ ላስረዳ፤ ቢ.ፒ.አር. ማለት የሚያስፈልገውና የማያስፈልገው ሠራተኛ የሚለይበት፣ ሦስት ቀን የሚፈጀውን ጉዳይ በሦስት ደቂቃ ለመጨረስ ሦስት ወር የሚሰበሰቡበት አሠራር ነው። የማያስፈልገው ሠራተኛ «ተንሳፋፊ» ይባላል። ለማሾ የሚሆን ውሃ በማይገኝበት አገር ምን ላይ እንደሚንሳፈፍ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔማ እንዴት እጠይቃለሁ፤ እጄ በድጋፍ ተይዛለች።

መዝገብ ቤቱን የያዙት እትዬ የሺ ናቸው። ቆመው እኔ ስቀመጥ የምሆነውን ያህል ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ደብረ ብርሃን ኮሌጅ የምትማር አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ እሷን የሚያስተምሩት በዚችው ደመወዝ ነው። የመዝገብ ቤቱ መደርደሪያ ከወለል እስከ ጣሪያ ስለሆነ በቀን አሥር ጊዜ «አንተ ረጅሙ» ብለው ይጠሩኛል፤ እሄድና ከላይ ያለውን ፋይል አወርዳለሁ። ባለሙያ ሰው ነኝና ቅር ይለኝ ነበር።

ፋይል የሚያስቀምጡበት ዘዴ ደግሞ በየትም ትምህርት ቤት አይሰጥም። በእኛ አገር ሰይድ መሐመድ የሚባል ባለጉዳይ ብቻ አርባ ሰባት ነው። ከበደ ተሰማም ቢሆን ከዚያ አይርቅም። ስለዚህ እትዬ የሺ ስም አይጠይቁም። ባለጉዳዩን ከላይ እስከ ታች ያዩትና «አህያህን የት አሰርክ?» ይላሉ። ከአንድ አቅጣጫ የሚመጣ ሰው ሁሉ አህያውን የሚያስረው ከአገሩ ሰው ጋር ነው፤ አባቱም እዚያው ያስር ነበር። ከወፍጮ ቤቱ ኋላ ያሰረ በጀውሃ በኩል የመጣ ነው፣ ፋይሉ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ከድልድዩ ሥር ያሰረ የወንዝ ማዶ ሰው ነው፣ አንደኛው ላይ ነው። አህያ የሌለው ሰው ከመጣ የጎረቤቱን አህያ ይጠይቁታል። እኔ ይህን ስሰማ ሆዴን ይዤ ስቄያለሁ።

አንድ ቀን በስብሰባ ላይ «መዝገብ ቤቱ በኮምፒውተር ይተካ፣ መደቡም ይታጠፍ» የሚል ሐሳብ ቀረበ። የሚተካው እኔ በሠራሁት የመዝገብ ፕሮግራም ነው። «የምትደግፉ?» ተባለ። ክንዴ ወጣ። እትዬ የሺ ከመጨረሻው ወንበር ዞር ብለው አዩኝ። ስንወጣ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝና፣ «እጅህ ደህና ናት? ጣሪያውን የመታች መስሎኝ ነው» አሉኝ። አፈርኩ። ግን እፍረት የወጣ እጅ አያወርድም። ሐሙስ ዕለት ከዞን ቡድን መጥቶ ኮምፒውተሩ ሲሠራ አይቶ ይወስናል ተባለ። ከሠራ እኔ እመሰገናለሁ፣ እትዬ የሺ ይንሳፈፋሉ። ፋይሎቹንም በማዳበሪያ ጆንያ አሥረው ለዕቃ ግምጃ ቤት እንዲያስረክቡ ታዘዙ። «ጆንያ ሲገኝ» አሉ፤ እስከ መጨረሻው አልተገኘላቸውም።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ ልግባ። በዚያ ዘመን ፍላሽ ዲስክ ከማን ኪስ እንደወጣ ሳይጠየቅ የትም ይሰካ ነበርና የእኛን ማሽን ቫይረስ በልቶ ጨርሶት ነበር። አዲስ አበባ የሚኖር አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ «ሊኑክስ ጫንበት፣ ቫይረስ አይደፍረውም» ብሎ በዊንዶውስ ቦታ የሚገባውን ይህን የማሽን ዋና ፕሮግራም በሲዲ አድርጎ በአውቶቡስ ላከልኝ። ጫንኩት። እውነትም ቫይረስ አልደፈረውም። የደፈርኩት እኔ ነኝ።

ሊኑክስ ላይ ፕሮግራም የሚገባውም የሚወጣውም በጽሑፍ ትእዛዝ ነው። ጥቁር መስኮት ትከፍታላችሁ፤ «እገሌ የሚባለውን ፕሮግራም አምጣ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ ማሽኑ በስልክ መስመር ባሕር ማዶ ሄዶ ያመጣል። ጣጣው ብቻውን የሚመጣ ፕሮግራም አለመኖሩ ነው። ሽማግሌ ልካችሁ ታውቁ ይሆናል። አንዱን «ልጅቱን ጠይቁልኝ» ስትሏቸው «እኔ ያለ አቶ ደምሴ አልሄድም» ይላሉ፤ አቶ ደምሴ ያለ ቄሱ አይሄዱም፤ ቄሱ ያለ በቅሎ፣ በቅሎዋም ያለ ጌታዋ አትሄድም። አንዲት ልጅ ለመጠየቅ መንደሩ ባዶውን ይቀራል። ፕሮግራምም እንደዚያው ነው። እያንዳንዱ በሌላው ተደግፎ ስለሚቆም አንዱን ስትነቅሉ የትኛው ጣሪያ እንደሚወርድ አታውቁም። ይህን አሁን ነው የምናገረው፤ ያኔ የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ለሙከራ ያህል ሪፖርት አተምኩ። አማርኛው ሁሉ ሣጥን ሆኖ ወጣ። ሰይድ መሐመድ ሰባት ሣጥን ነው። አርባ ሰባቱም ሰይድ መሐመዶች ሰባት ሰባት ሣጥን ይዘው ተሰልፈዋል። ከዞን የሚመጣ ሰው ይህን ቢያይ መዝገብ ቤት ሳይሆን የጫማ መጋዘን ነው የሚለው። የአማርኛ ፊደል የሚያስተካክል ፕሮግራም ከባሕር ማዶ መምጣት ነበረበት፤ ለዚያ ደግሞ ስልክ ያስፈልጋል። ስልኩ ያለው አለቃችን አቶ ተፈራ ቢሮ ነው። ገመዱን በመስኮት አውጥቼ፣ በግቢው አሻግሬ፣ ወደ ክፍሌ ሳስገባ አቶ ተፈራ ከወንበራቸው ሳይነሱ ያዩኝ ነበር።

«ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«አሥር።»

«ከዞን ቢደወልስ?»

«የሚመጡት ሐሙስ አይደል? ዛሬ ማን ይደውላል?»

«አሥር ደቂቃ ካልክ አሥር ደቂቃ ነው።»

ማሽኑ ግን ስድስት ሰዓት ይቀረኛል ይላል። ፕሮግራሙ አቶ ደምሴን ጠራ፣ አቶ ደምሴ ቄሱን ጠሩ። መስመሩ አሥር ጊዜ ተቋረጠ፤ አሥር ጊዜ ቀጠልኩት። አቶ ተፈራ በየሰዓቱ ብቅ ይላሉ፤ እኔም በየሰዓቱ «አሥር ደቂቃ» እላለሁ። ማክሰኞ በዚህ አለቀ። ረቡዕ ጠዋት ገመዱን መልሼ ዘረጋሁ። አምስት ሰዓት ላይ መስመሩ ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ተቋረጠና ፕሮግራሙ ግማሹ ገብቶ ግማሹ ውጭ ቀረ፤ ልክ በጠባብ በር እንደገባ አልጋ። ወደፊት አይልም፣ ወደኋላ አይልም። ሌላ ነገር ባዘው «መጀመሪያ ይህን የተሰበረ ነገር ጨርስ» ይለኛል።

ጓደኛዬ የሲዲው መያዣ ላይ በእስክሪብቶ ሁለት ትእዛዝ ጽፎልኝ ነበር። አንደኛው «ሲጣበቅብህ» ይላል። ሞከርኩት፣ አልሠራም። ሁለተኛው «ከነሥሩ ለመንቀል» ይላል። ከሱ ቀጥሎ አንድ ቃል ነበር፤ ላቤ ተንጠባጥቦበት ሰማያዊ ኩሬ ሆኗል። በኋላ ጓደኛዬን ስጠይቀው ቃሉ «ተጠንቀቅ» ነበር።

ትእዛዙን ጻፍኩ። ማሽኑ ትንሽ አሰበና ረጅም ዝርዝር ያንቆረቁር ጀመር። እነዚህ ፕሮግራሞች አያስፈልጉም፣ ከነሥራቸው ይወገዳሉ ነው የሚለው። መቶ አሥራ ሁለት ስም ነው። ከላይ ያለውን ሳላነብ ታች ያለው ደረሰ፤ መጨረሻ ላይም ጥያቄ መጣ፦ ልቀጥል? አዎ ከሆነ «ዋይ»፣ አይ ከሆነ «ኤን»።

እንግዲህ ፍረዱ። ሙቀት አለ፤ በጥድፊያ ያለፈ ረጅም ዝርዝር አለ፤ የማያስፈልጉ የተባሉ አሉ፤ መጨረሻ ላይ ጥያቄ አለ። ቀኝ እጄ ወጣ። ብቻዬን በተቀመጥኩበት ክፍል፣ ለአንድ ማሽን፣ እጄን አወጣሁ። ማሽን እንደማያይ ትዝ ሲለኝ ቀኜን ሳላወርድ በግራዬ «ዋይ»ን ተጫንኩ።

እትዬ የሺ ፋይል እንዳወርድላቸው ሊጠሩኝ መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ደግሞ ማንን አባረርክ?» አሉ።

ስንብቱ ተጀምሮ ነበር። መጀመሪያ ፊደሉ ሄደ። ቀጥሎ ማተሚያው። ከዚያ የመዝገቡ ፕሮግራም፣ የስንት ወር ጽሕፈቴን ይዞ። ግልባጩስ እንዳትሉኝ፤ ግልባጩ ፍላሽ ዲስክ ላይ ነበር፣ ፍላሽ ዲስኩን ደግሞ ቫይረስ በልቶታል። ከኮምፒውተሩ መስታወት ጥግ ያለችው ሰዓት ጠፋች። ከበስተጀርባ ያለው የፏፏቴ ሥዕል ጠፋ። ቀስቷ ወዴት እንደምትሄድ ግራ ተጋብታ ጥቂት ከተንከራተተች በኋላ እሷም ጠፋች። በመጨረሻ ጥቁር መስታወት ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ ቀረች፤ ብልጭ ትላለች፣ ድርግም ትላለች። ተንሳፋፊ ማለት ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

በዚህ መሐል ግቢው ውስጥ የመኪና ጥሩምባ ተነፋ።

ከዞን ናቸው። የቡድኑ ሰብሳቢ የደጋ ኮታቸውን እንደለበሱ ነው የወረዱት፤ ላባቸው ከእኔ ይብሳል። «ትናንት ቀኑን ሙሉ ደወልን፣ ዛሬም ደወልን፣ ስልካችሁ ተይዟል» አሉ። «ሐሙስ ወደ ሌላ ወረዳ ስለምንሄድ ዛሬ እንመጣለን ልንላችሁ ነበር።» አቶ ተፈራ ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ። ከመስኮቱ እስከ ክፍሌ የተዘረጋው ገመድ በሁላችንም መሐል ነው።

ገቡ። ኮምፒውተሩ ፊት ቆሙ።

«ለምንድን ነው ጥቁር የሆነው?» አሉ ሰብሳቢው።

«ዓይን እንዳይጎዳ ነው» አልኳቸው።

ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ጉዳያቸውን የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌን ጠሩ። ሰብሳቢው የእጅ ሰዓታቸውን አወለቁ። «እኚህን አባት አስተናግዱልን። ሰዓት እይዛለሁ።»

ስማቸው ማን ይሁን? ጋሽ ሰይድ መሐመድ።

ጋሽ ሰይድ ቀይ ሽንኩርት ዘርተዋል። የመስኖው ውሃ ተራ የእሳቸው ሆኖ ሳለ ጎረቤታቸው «የኔ ነው» ብሎ ቦዩን ዘግቶባቸዋል፤ ተራ የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ደግሞ የተራውን ወረቀት ካላየሁ አልከፍትም ብሏል። ውሃው የሚለቀቀው ዛሬ ከቀትር በኋላ ነው። ዛሬ ካለፋቸው ተራው እስኪዞር ሽንኩርቱ በቁሙ ይደርቃል።

ስማቸውን በጥቁሩ መስታወት ላይ ጻፍኩ። ማሽኑ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አላውቅም አለኝ።

«ምን አለ?» አሉ ሰብሳቢው።

«እየፈለገ ነው።»

የአባታቸውን ስም አስቀድሜ ጻፍኩ። እሱንም አላውቅም አለ። የአያታቸውን ጠየቅሁና ጻፍኩ። አቶ ተፈራ በመሐረብ አንገታቸውን ይጠርጋሉ። አሥር ደቂቃ አለፈ፤ ይህኛው እውነተኛ አሥር ደቂቃ ነው። ጋሽ ሰይድ በከዘራቸው ተደግፈው ወደ መስታወቱ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ሣጥን እኔን ያውቀኛል?»

«ያውቅዎት ነበር» አልኩ። በዚያ ቀን የተናገርኩት እውነት ይኸው ብቻ ነው።

«ወላሂ እኔ አላውቀውም» አሉ። «ጠሐይዋ አናት ላይ ደረሰች። ውሃው ሊለቀቅ ነው።» ሳቅ ሁሉ ከሆዴ ወጣ። እኔ ለሙገሳ ስል የእሳቸውን ማሳ ላደርቅ ነው።

እትዬ የሺ ከበሩ ወደ ውስጥ ገቡ።

«ጋሽ ሰይድ፣ አህያዎን የት አሰሩ?»

ሰብሳቢው ተቆጡ። «ስለ አህያ የምናወራበት ሰዓት ነው?»

«ከወፍጮ ቤቱ ኋላ» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ከግራሩ ሥር።»

«ከግራሩ ወዲህ ነው ወዲያ?»

«ወዲያ። አባቴም እዚያው ነበር የሚያስሩት፣ አላህ ይዘንላቸው።»

«የቦዩ ዳር ሰዎች ናችኋ። አንተ ረጅሙ፣ ና። ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከላይ፣ በአረንጓዴ ገመድ የታሰረው።»

ሄድኩ፣ ተንጠራራሁ፣ አወረድኩ። ከላይ አምስተኛው ፋይል የጋሽ ሰይድ ነው። ወረቀቱ ላይ የውሃው ተራ፣ ፊርማውና ማኅተሙ እንዳለ ነው። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩና ሁለት ደቂቃ አልሞላም አሉ። ጋሽ ሰይድ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ለእትዬ የሺ ልጅ ዱዓ አደረጉ፤ ለእኔም ከትህትና የተነሳ ትንሽ ጨመሩልኝ። ከዚያ በዚያ ዕድሜያቸው ወደ ወፍጮ ቤቱ ሮጡ።

ከቀትር በኋላ ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ተጠራ። ሰብሳቢው ኮታቸውን አውልቀዋል። መዝገብ ቤቱ ባለበት ይቀጥል የሚለው ወዲያው ጸደቀ። ሁለተኛው ሐሳብ ቀረበ፦ «የኮምፒውተር ባለሙያ የሚለው መደብ ለጊዜው አያስፈልግም፣ ባለሙያውም ተንሳፋፊ ይሁን። የምትደግፉ?»

አዳራሹን የሞላው እጅ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ የታወቀ ክንድ አለ።

«አንተ ራስህ ባለሙያው አይደለህም እንዴ?» አሉኝ ሰብሳቢው።

«ነኝ።»

«እና ትደግፋለህ?»

ቀና ብዬ አየሁት፤ የኔው እጅ ነው። ላወርደው አሰብኩ፤ ግን በዚያ ጊዜ የወጣ እጅ ማውረድ «የአቋም መዋዠቅ» ይባላል፣ ያስገመግማል። ሥራዬን ከማጣት መገምገም ብሶብኝ እንደተንጠለጠለ ተውኩት።

«የምትቃወሙ?»

ቆጣሪው «የለም» ብሎ ሊጽፍ ሲል ከመጨረሻው ወንበር «እኔ አለሁ» የሚል ድምፅ መጣ። እትዬ የሺ እጃቸውን አውጥተዋል፤ ግን ከፊታቸው ያለው ሰው ትከሻ ሸፍኗቸዋል። ተነሥተው ቆሙ። ለውጥ አላመጣም።

«ምክንያትዎን ይንገሩን» አሉ ሰብሳቢው፣ ድምፁ የመጣበትን እየፈለጉ።

«ላይኛው መደርደሪያ ላይ ማን ይደርስልኛል? ድሮ በርጩማ ላይ እወጣ ነበር፤ አሁን ጉልበቴ እምቢ ብሏል። ይሄ ልጅ ያስፈልገኛል።»

ሰብሳቢው የጋሽ ሰይድን ፋይል ያወረደው ማን እንደነበር ትዝ አላቸው መሰል፣ ጽፈው ሰረዙ፣ ሰርዘው ጻፉ። ቃለ ጉባኤው ላይ «የመዝገብ ቤት ረዳት» ሆኜ ሰፈርኩ። ዲፕሎማዬን ትተው በቁመቴ ቀጠሩኝ ማለት ነው። ጎንበስ ብዬ እንባዬን ጠረግሁ፤ እኔ ጎንበስ ስል ደግሞ ሰው ሁሉ ያያል።

ሲያልቅ በሩ ላይ ጠበቅኋቸው።

«እትዬ የሺ፣ እኔ እኮ እጄን አውጥቼብዎት ነበር።»

«አይቻለሁ። ያንተን እጅ ማን ያጣዋል?»

«ታዲያ ለምን…»

«ያስፈልገኛል አልኩ እንጂ ወደድኩህ መቼ አልኩ? ነገ በጊዜ ግባ።»

ኮምፒውተሩ ወደ መዝገብ ቤቱ ተዛወረ። ከሲዲው እንደ አዲስ ጫንኩት፤ የመዝገቡንም ፕሮግራም እንደገና ሠራሁት። በዚህኛው ላይ «አህያ የሚታሰርበት» የሚል ዓምድ አለው። አንድ ቀን ትእዛዝ ስጽፍ ያ ዝርዝር ተመልሶ መጣ። አርባ ስድስት የማያስፈልጉ አሉ፣ ልቀጥል? ቀኝ እጄ ከጠረጴዛው ተነሣች።

«አውርዳት» አሉ እትዬ የሺ፣ ቀና ሳይሉ። «ስማቸውን አንብብልኝ።»

አነበብኩ። በየስሙ «ይሄስ ሥራው ምንድን ነው?» ይላሉ። የሁለቱን አውቅ ነበር። የአርባ አራቱን አላውቅም አልኳቸው።

«ሥራውን ሳታውቅ አያስፈልግም የምትለው ምን ቤት ነህ? እምቢ በለው።»

«ኤን»ን ተጫንኩ። ደንግጬ ነበር። ማሽኑ ግን አልተቆጣኝም፣ ምክንያቴን አልጠየቀኝም፣ አልገመገመኝም። «እሺ፣ ተውኩት» ብሎ ዝም አለ። እምቢ ማለት ይህን ያህል ቀላል መሆኑን እስከዚያ ዕድሜዬ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ እጄ የሚወጣው ለላይኛው መደርደሪያ ብቻ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ውሸት ነው። ስብሰባ ላይ አሁንም ይወጣል። ብቻ ከመውጣቱ በፊት ወደ መጨረሻው ወንበር ዞር ብዬ የእትዬ የሺ እጅ ወጥታ እንደሆነ አያለሁ። በዚያ ሁሉ ትከሻ ላይ ተሻግሮ ያቺን እጅ ለማየት ደግሞ ቁመት ያስፈልጋል።